ቅርስ ነው ያለው ማነው?

መቼም «ቅርስ» የሚለው ቃል እንደዚህ ዘመን ሥራ በዝቶበት አያውቅም። ስብሰባ ሲከፈት ቅርስ፣ ስብሰባ ሲዘጋ ቅርስ። አሮጌ ሬዲዮ ያለው ሰው ሊሸጠው ሲያስብ «ቅርስ እኮ ነው!» ይላል። ጣሪያው አፈሰሰ የተባለ አከራይም «ይሄ ቤት ቅርስ ነው፤ አይነካም» ብሎ ከቆርቆሮ ወጪ ይገላገላል። ቃሉ በየአፉ ሲንከራተት አንዲት ጥያቄ ግን ሳትጠየቅ ትቀራለች፤ አንዱን ቤት ቅርስ፣ ሌላውን አሮጌ ቤት ብሎ የሚለየው ማነው?

ቤት ራሱ አፍ የለው። አጥር ለአጥር ከሚዋሰኑ ሁለት አሮጌ ቤቶች አንደኛው በር ላይ ሰሌዳ ሲለጠፍ፣ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም የ«ኤክስ» ምልክት ሲደረግ፣ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ የለየ ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው ቅፅ ይዟል። ቅፁ ላይ የሚሞሉ ባዶ ቦታዎች አሉ። እኛ የምናየው ሰሌዳውን ወይም ኤክሱን ነው እንጂ ቅፁን አይደለም። ዛሬ ላወራችሁ ያሰብኩት ስለዚያ ስለማናየው ቅፅ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉስ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የታሪክና የባህል ቅርስን መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላል። አንቀጽ 51 ደግሞ አገር አቀፍ መመዘኛ የማውጣቱን ሥራ ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ ለሁለት ይከፍላል። ወረቀቱም ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ እያለ ይጓዛል።

የ1992ቱ አዋጅ ትርጓሜ ጠቅለል ሲል እንዲህ ነው፤ የሰው ልጅ የፈጠራና የጉልበት ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ቅርስ ይባላል። አምስት ሚዛኖች ናቸው። ደህና ሚዛኖች ናቸው፤ እኔም ጠብ የለኝም። ግን ሚዛን በራሱ አይመዝንም። የሚይዘው እጅ አለ። «ከፍ ያለ ዋጋ» ሲባል ለማን ከፍ ያለ? ለመሐንዲሱ? ለቱሪስቱ? ወይስ በየዓመቱ ኖራ አቡክቶ ግድግዳውን ለሚቀባው ሰው?

ነገሩን በአየር ላይ ከማንሳፍፈው አንድ እውነተኛ ቦታ ላይ ላሳርፈው። ከሮቤ ተነስታችሁ በጊኒር በኩል ወደ ሰሜን ብታቀኑ፣ የባሌ ደጋ ብርድ እየለቀቃችሁ ቆላው ሲቀበላችሁ፣ ድሬ ሼክ ሁሴን ላይ ትደርሳላችሁ። የድሮ ስሙ አናጂና ነው። ጎሎልቻ ወረዳ ውስጥ ሲሆን ባሌ ሁለት ዞን ከሆነ ወዲህ በምሥራቅ ባሌ ይቆጠራል። ነጭ ኖራ የተቀቡ ጉልላቶችና ግንቦች ከሩቅ ይታያሉ። በአረፋና በመውሊድ ሰሞን ከባሌና ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል። ጋሪባ የሚባሉት ተጓዦች ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው፣ ባህሮ የሚባለውን ውዳሴ እያዜሙ፣ ብዙዎቹ በእግራቸው ይመጣሉ። ሙስሊሙ ይበዛል፤ ስለት ያለበት ክርስቲያንም አይታጣም።

እንግዲህ ይሄን ቦታ ማን መረጠው? ኮሚቴ አልተቀመጠበትም። ቃለ ጉባኤ አልተያዘበትም። ሼክ ሁሴን በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት ግድም ኖሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሰው በእግሩ እየሄደ፣ በእጁ እየጠገነ መረጠው። አሜሪካዊው መንገደኛ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሲያልፍበት ቦታው ስመ ጥር ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አስገብቶታል። የዛሬዎቹ ቢሮዎቻችን ያኔ አልተወለዱም።

አሁን ቅፁን አውጡና እንሙላ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ «የተሠራበት ዘመን» ይላል እንበል። ምን ብለን እንጻፍ? የሼክ ሁሴንን ዘመን? የመቃብራቸውን ጉልላት አሠሩ የሚባሉት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሐረርን የገዙት አሚር አብዱልሸኩር ናቸው። የእሳቸውን ዘመን? ግንቡን ያነጣው ኖራ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። የእሱን? ሦስቱም እውነት ነው። ቅፁ ላይ ያለው መስመር ግን አንድ ነው። የወረዳው ባለሙያ ምስኪን! ትልቁን ዘመን ከጻፈ «ማስረጃህ የት አለ?» ይባላል። ትንሹን ከጻፈ ቦታው ከእነ አክሱም ጋር ተሰልፎ አንገቱን ይደፋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የእኚያው አሚር ከተማ ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከተቆጠሩላት ሀብቶች መካከል 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት ይገኙበታል። በግንብ የታጠረችው ከተማ ገባች። አሚሩ ከግንቡ ውጪ፣ ያን ያህል አገር አቋርጠው አሠሩት የሚባለው ጉልላት ግን ገና ተራ እየጠበቀ ነው። ድሬ ሼክ ሁሴንና የሶፍ ዑመር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋናው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ተራራው አልፏል፤ ዋሻውና ጉልላቱ ወረፋ ላይ ናቸው።

በነገራችን ላይ «ተጠባባቂ ዝርዝር» ሲባል ብዙ ሰው «ዩኔስኮ መዘገበው» ብሎ እልል ይላል። አይደለም። ተጠባባቂ ዝርዝር ማለት አገሪቱ ራሷ «ወደፊት ላቀርበው አስባለሁ» ብላ የላከችው ስም ነው። ዩኔስኮ ገና አልመዘነውም። እንዲያውም የማይገኘው ማኅተም የፓሪሱ አይደለም፤ ከሁሉ የሚያስቸግረው እዚሁ ጓዳችን ያለው ሥራ ነው። የቦታው ወሰን የት ድረስ ነው? ማን ይጠብቀዋል? ማን ያድሰዋል? ይሄንን የሚመልሰው ወረዳና ዞን ነው።

ስለ እድሳት ካነሳን ዋናው ችግር ይኸው መጣ። አዋጁ የተመዘገበን ቅርስ ለማደስ አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠይቃል። ትክክል ነው። አለዚያማ ያለው ሁሉ ሸክላና መስታወት ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ነገር ግን ሳይታደስ ውሎ የማያድር ቦታስ ምን ይሁን? ማሊ አገር ጄኔ ከተማ ያለው ታላቅ የጭቃ መስጊድ በየዓመቱ በከተማው ሕዝብ እንደ በዓል ተደርጎ ይመረጋል። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ከተማዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ቅርስ ሆናለች። ጃፓን ውስጥ የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። አንድም እንጨቱ የጥንት አይደለም፤ እጁ ግን የጥንት ነው። የሙያው ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ1994 ናራ በተባለችው የጃፓን ከተማ ተሰብስበው፣ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በራሱ ባህል ውስጥ መመዘን አለበት ብለው ሰነድ አውጥተዋል።

እኛ ግን አሁንም ድንጋዩን ነው የምንጠይቀው፤ «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» እያልን። ኖራ የሚያቃጥለውን ሰውዬ አንጠይቀውም። ይሄ ደግሞ የወሬ ጉዳይ አይደለም። አንድ ደግ ሰው ንግዱ ሰመረለትና ለመካኑ አሥር ኩንታል ሲሚንቶ ስለት አስገባ እንበል። ደስ አይልም? ይላል! ግን ኖራ ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያስተነፍሰዋል፤ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል። ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ይበሰብስና አንድ ክረምት ላይ ከነልስኑ ዘጭ ይላል። ሰውዬው ፅድቅ አገኘሁ ሲል ግንቡን ገደለው። ሕንፃው የተመዘገበ ቢሆንም መዝገቡ ላይ «የሚታደሰው በኖራ ነው፤ ሙያውን የሚያውቁት እነ እገሌ ናቸው» የሚል መስመር ከሌለ፣ ማን ሊነግረው ይችላል?

ሌላው ብዙ ሰው የሚሸሸው ነገር የሐሳብ ልዩነቱ ነው። ስለ ድሬ ሲነሳ ባሌ ሁሉ በአንድ አፍ አይናገርም። የሼኮችን መቃብር መዘየር ከሃይማኖቱ ጋር አይሄድም የሚል ሙስሊም በአገሩ አለ፤ ክርክሩም የትናንት አይደለም። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ቴርዬ ኦስተቦ ስለ ሰለፊያ በባሌ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ይሄንን በሰፊው ያነሳል። እዚህ ላይ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ ቢሮውም ፈራጅ መሆን የለበትም። «ቅርስ» የሚለው ቃል ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ቅርስ ነው ማለት «እመኑበት» ማለት አይደለም፤ «አትመኑበት»ም አይደለም። ሰዎች እዚህ ቦታ ላይ ለዘመናት ይሄንን አድርገዋል፣ ስለዚህ ማንም ተነስቶ አያፍርሰው ማለት ነው።

ቲምቡክቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች የቅዱሳኑን መቃብሮች በዶማ አፈረሷቸው። በዝርዝር ላይ መስፈራቸው አላዳናቸውም። የአገሬው ግንበኞች እ.ኤ.አ. በ2015 መልሰው ሲያቆሟቸው ግን እጃቸው የአሠራሩን ሙያ ያውቅ ነበር። ከአፍራሾቹ አንዱን ደግሞ የሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 የ9 ዓመት እስራት ፈርዶበታል። እንግዲህ ዝርዝሩ ለክስ ጠቀመ፤ ቤቱን ያነሳው ግን ሙያው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የእኛ ቅፅ አንዱን ብቻ ይዞ ነው የሚዞረው።

ቅሬታ ያለውን ጎረቤት ሳይጠይቅ «ለቱሪዝም ይጠቅማል» ብሎ ማለፍ ለቢሮ ይቀላል። የማይስማማውንም ሰው ጠርቶ፣ ሐሳቡን ሰምቶ፣ መዝገቡ ላይ ማስፈር ይከብዳል። ግን አንድ ቀን ነገር ሲበላሽ የሚያድነው ይሄ ከባዱ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ቅርሱን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ነው የሚያየው። የመንግሥት ንብረት ደግሞ በአገራችን እንዴት እንደሚያዝ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ።

ድሬ ሼክ ሁሴን ቢያንስ ባለቤት አለው። ዝርዝር ቢኖርም ባይኖርም ጋሪባው ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ዘያሪ የሌላቸው ቤቶች ናቸው። ጎባን ውሰዱ። የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ሹመቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ጦሩም እዚያ ነበር። ኋላ ወንበሩ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሮቤ ሄደ። ወንበር ሲሄድ ብር ይከተለዋል፤ አሮጌዎቹ ቤቶች ግን እግር የላቸው፣ እዚያው ይቀራሉ። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ውስጥ የቆመ የእንጨትና የጭቃ ቤት በአምስቱ ሚዛን ሲመዘን ምን ይሆናል? እንደ ፋሲል ግንብ አያምር፣ እንደ ላሊበላ አያስደንቅ። ግን የከተማዋ ታሪክ የተጻፈው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍለት ከሌለ ማንም ሳያለቅስለት ይሄዳል።

አዲስ አበባም ይሄንኑ በትልቁ አይታዋለች። በ2016 ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ ከተሜው ሁሉ በአንዴ የቅርስ ጠበቃ ሆነ። «ያ ቤት ቅርስ ነው!» «አይ፣ አልተመዘገበም!» «ኧረ ተመዝግቦ ነበር!» ክርክሩን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ዝርዝሩ ነበር። ተከራካሪው ዝርዝሩን አላየው። ቢያየውም ምክንያቱን አያገኘው። የትኛው ቤት በምን ምክንያት ገባ፣ የትኛውስ በምን ምክንያት ቀረ የሚለው በየሰፈሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ጭቅጭቃችን ጭቅጭቅ ይመስል ነበር። አሁን ግን ዶዘሩ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ እኛ ገና «ነበረ፣ አልነበረም» እንባባላለን።

ደግሞም ሰሌዳ የተለጠፈለት ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። አዋጁ የቅርሱን መጠበቂያና ማደሻ ወጪ በመጀመሪያ የሚጥለው ባለቤቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ማነው? በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ። ስለዚህ ባለቤቱ ቀበሌ፣ ነዋሪው ተከራይ፣ ፈቃድ ሰጪው ሌላ መሥሪያ ቤት። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩዋ ሴትዮ ቆርቆሮ ልቀይር ብትል «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ትባላለች። «እሺ እናንተ ቀይሩልኝ» ብትል «በጀት የለም» ትባላለች። ባልዲ ደቅና ታድራለች። ቅርስ መሆን ለእሷ ባልዲ ነው። ነገ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል ለዚያ ቤት ትሟገታለች ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እኔ ብሆን አልሟገትም።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል ካላችሁ፣ እንግሊዝ አገር አንድን ሕንፃ ይመዝገብ ብሎ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። ባለሙያዎቹ መርምረው ያማክራሉ፤ የሚወስነው ሚኒስትሩ ነው። የተመዘገበው ሕንፃ ታሪክና የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ተጽፎ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ያልተስማማ ሰው እንደገና ይታይልኝ ማለት ይችላል። ይሄ የሀብት ጉዳይ አይደለም። ምክንያት መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? አንድ ወረቀትና አንድ የማያፍር ፈራሚ ነው የሚፈልገው።

እኔ እንደሚመስለኝ የወረዳና የከተማ አስተዳደር አራት ነገር ቢያደርግ ብዙ ይቃለላል። አንደኛ፣ ዝርዝሩን ከነምክንያቱ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ በግልጽ ይለጥፍ፤ ባሌ ላይ ከሆነ መጀመሪያ በኦሮምኛ። ሁለተኛ፣ ቤት ወደ ዝርዝሩ ሲገባም ሆነ ሲወጣ አስቀድሞ ሰው ይጠራ፤ የሚጠቀምበት፣ የሚያድሰው፣ የሚቃወመውም። ሦስተኛ፣ ከ«የተሠራበት ዘመን» ቀጥሎ «የሚንከባከበው ማነው? በምን ሙያ?» የሚል መስመር ይጨመር፤ ያ መስመር ባዶ ከሆነ ቤቱ አደጋ ላይ መሆኑ በዚያው ይታወቃል። አራተኛ፣ ለተመዘገበው ቤት ለኖራና ለቆርቆሮ የምትሆን በጀት ትያዝ። ሰሌዳ ዝናብ አይከለክልም።

«ይሄማ ሥራ ያበዛል» የሚል ይኖራል። አዎ ያበዛል። አራት ሚሊዮን ቤት መዝግቡ አላልኩም። ከዚያ ይልቅ አሥር ቤት መዝግበው የአሥሩንም ምክንያት ቢነግሩን ይሻላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ግዴታ ከጣላችሁብን ዘንዳ የምንጠብቀው ቤት ለምን እንደተመረጠ አንድ ሰው ይንገረን። ሳያውቁ ዘብ መቆም እኮ እንኳን ለቤት፣ ለአጥርም አይሆንም።

ድሬ ሼክ ሁሴንም አንድ ቀን ተራው ደርሶ መዝገቡ ላይ ይሰፍር ይሆናል፤ ይስፈርለት። ያን ቀን የሚመጡት እንግዶች ፎቶ ያነሳሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ «ቅርስ» የምትለዋ ቃልም እንደ ልማዷ ትደክማለች። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ኖራ የሚያቦካው ሰውዬ ስሙ ቅፁ ላይ ካለ፣ ልጁም ሙያውን እየተማረ ከሆነ፣ የዚያን ቀን እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።

እስከዚያው ሰላም ሰንብቱልኝ።